ወይዘሮ ብርቄ ወለተ ማርያም አልነበሩም

ልጅ ሳለሁ፣ በቴፒ ዳርቻ፣ የአንድ ነጋዴ ቡና በሚሰጣበት ሜዳ ላይ፣ ከሰፈሩ ሰው በሞተ በሰባተኛው ቀን አመሻሹ ላይ እሳት ይነድድ ነበር። እሳቱን የሚያነዱት የስጡ ጠባቂ አባባ ኮጪቶ ነበሩ። ከቦንጋ በኩል የመጡ የከፋ ሰው ናቸው፤ አማርኛን በጎልማሳነታቸው ስለ ተማሩት ቃል አያባክኑም። ያኔ ቴፒ እንዲህ እንደ ዛሬው አልሰፋችም፤ ጫካው ከቤታችን ጓሮ ይጀምራል፣ ዝናቡ ወር አይመርጥም፣ አባቴም ከሰሜን አገር መጥተው በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ይቀድሱ ነበር። እኔ ደግሞ ንባብ ጨርሼ ዜማ የጀመርሁ፣ ግዕዝ የምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰልኝና በዚያም ሰማይ የነካሁ የመሰለኝ ልጅ ነበርሁ።

የቡና ገለባ እንደ እንጨት አይንቦገቦግም። ውስጥ ውስጡን ይብሰለሰላል፣ ፍሙ ከአመድ በታች ይቀላል፣ ጭሱም መሬት ለመሬት እየተጎተተ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ላይ በኀዘን የሚያለቅሰውን ጭስ ከሚያስለቅሰው መለየት አይቻልም ነበር። አንዲት ፋኖስ ከማድረቂያው ቋሚ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ሴቶቹ በእርሷ ብርሃን የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ይሰማሉ። አባባ ኮጪቶ አስቀድመው ለእኛ ለልጆቹ ተረት ይነግሩን ነበር፤ ጉሬዛ ነጩን ካባ ከማን እንደ ሰረቀ፣ ከርከሮ ለምን ቀና ብሎ ሰማይ እንደማያይ። ተረቱ ሲያልቅ ግን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። «ተረት ለአውሬ ያምራል። ለሞተ ሰው ዓይን ነው የሚያስፈልገው» ይሉና ወደ ሟቹ ነገር ይገባሉ።

የዚያ እሳት ሥርዓት ይህ ነበር፦ ስለ ሟቹ የሚናገር ሁሉ በገዛ ዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ከዚያ ያለፈውን አይቀበሉም።

«ደግ ሰው ነበር» ይላል አንዱ።

«ለማን?» ይላሉ አባባ ኮጪቶ፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ።

«ለሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ሰው በዚህ ሰፈር አላውቅም። ላንተ ምን አደረገ?»

ሰውየው ከተንተባተበ ይቀመጣል፤ ሌላ ይነሣል። «ሲባል ሰምቻለሁ» ያለ ደግሞ «እንግዲያው ያየው ይምጣ፤ አንተ እግርህን አሙቅ» ይባላል። ጥፋትም አይደበቅም ነበር። የሟቹ ሚስት፣ የሟቹ ልጅ፣ የሟቹ ባለዕዳ ሁሉ እዚያው ተቀምጠው ሳለ ጥፋቱ ይነገራል፤ ማንም አይቀየምም።

አንድ ጊዜ አያ ዳምጤ የሚባል ጆንያ ተሸካሚ ሞተ። በሰባተኛው ቀን ማንም ሳይጋብዘኝ ተነሣሁ። አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ነበር፤ በግዕዝ ጀመርሁ፣ በአማርኛ ፈታሁ፣ የጽድቅ ዛፍ አልሁት፣ የምስኪኖች ወደብ አልሁት፣ ምስጋናውን እስከ ደመና አደረስሁት። ስጨርስ ጭብጨባ ጠበቅሁ። 

«የቄስ ልጅ» አሉኝ አባባ ኮጪቶ፣ «ይኼ የተናገርከው ሰውዬ በጣም ትልቅ ነው። መቼ ነው የምንቀብረው?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጆሮዬ ጋለ።

«አያ ዳምጤን ነው ያልሁት» አልሁ።

«ዳምጤንማ ቀብረነዋል። ትከሻው የቆሰለ፣ እግሩ የተንጋደደ ሰው ነበር። አንተ ምን አየህበት?»

ልቀመጥ ፈለግሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ከዋንዛው ሥር ተደብቆ ማር ሲበላ አየሁት። ብቻውን። ሲያየኝ ደነገጠ። ከዚያ ማሩን ሁሉ ጨርሶ ሰፈፉን ሰጠኝና ‹ዋናው ጥቅም ያለው እዚህ ውስጥ ነው› አለኝ።»

የዳምጤ ሚስት በሰባት ቀን ውስጥ ድምፅ አውጥታ ያልተናገረች ሴት ነበረች። ድንገት ጭኗን መታች። «እሱ ነው! ዳምጤ እሱ ነው!» አለች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። አባባ ኮጪቶም በእሳቱ ዳር ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥሁ።

ይህን ያነሣሁት የድሮውን ለማጣፈጥ አይደለም። ተቆጥቼ ነው የምጽፈው፤ ቁጣዬንም ልደብቅ አልሻም።

ዕድሜዬን ሙሉ መሪጌታ ሆኜ ሳስተምር ኖሬ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው በሚዛን ተፈሪ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ወጣቱ ኃላፊም ስማችንን ያለ «አባቴ» እና ያለ «እማዬ» አይጠራም፤ ውለታ ቢስ አይደለሁም። ነገር ግን በዚህ ክረምት ሦስት ሰዎች ከመካከላችን ተለዩ፤ ሦስቱም ሲቀበሩ አንድ ወረቀት ተነበበ። አንድ ዓይነት ወረቀት ማለቴ አይደለም፤ አንድ ወረቀት ነው። ስሙና የትውልድ ስፍራው ብቻ ይለወጣል። «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ልጆቻቸውን በግብረ ገብ አንጸው ያሳደጉ፣ በሁሉም ዘንድ የተወደዱ።»

መጀመሪያ የተነበበው በአቶ ወንድሙ ላይ ነው። ከሚዛን ጅማ የጭነት መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። እንግዳ ተቀባይ! እኛ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻቸው «እንደምን አደሩ» ስንላቸው በቅንድባቸው ነበር የሚመልሱት። ግን እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ። በጎልማሳነቴ ከሸኮ ወዲህ የተሳፈርንበት መኪና ጭቃ ሲይዘው፣ እኒህ ሰው የራሳቸውን መኪና አቁመው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ገብተው ገመድ አስረው አወጡን፤ ምስጋናችንንም ሳይጠብቁ ሄዱ። ይህን የመሰለ ሥራ እያላቸው «በሁሉም ዘንድ የተወደዱ» ማለት ምን ይባላል? ሁለተኛው ልብስ ሰፊው አቶ ጸጋዬ ነበሩ። በገበጣ ጨዋታ ጠጠር በእጅጌያቸው እየደበቁ ዓመት ሙሉ ያሸነፉን፣ በያዝናቸው ቀንም «እጅጌውን የሰፋሁት እኔ፣ ጠጠሩ የገባበትን የማላውቀውም እኔ» ብለው የሳቁ ሰው፣ ከነሳቃቸው ከወረቀቱ ውስጥ የሉም።

ሦስተኛዋ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው፤ ቁጣዬ ጣራ የነካውም በእርሳቸው ነው።

ወይዘሮ ብርቄ በቴፒ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲመርጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ ፍሬውን በጣታቸው ዳብሰው የረጠበውን ከደረቀው፣ ነቀዝ የገባውን ከደህናው ይለዩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው በዚህ ምክንያት ፈትቷቸዋል፤ የልጅ ነገር በተነሣ ቁጥር መቋሚያቸውን አንሥተው ከጉባኤው ይወጡ እንደ ነበር እኛ ሁላችን እናውቃለን። በመቃብራቸው ላይ ግን ወጣቱ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልጆቻቸውን በግብረ ገብ አንጸው ያሳደጉ መልካም እናት» ብሎ አነበበ። አፈሩ ገና አልለበሳቸውም ነበር። ሰውን በቁሙ መስደብ ኃጢአት ከሆነ፣ መልስ በማይሰጥበት በዚያ ሰዓት በቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ምን ሊባል ነው?

በማግሥቱ ወደ ቢሮው ገባሁ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ቅጽ ነው» አለኝ ኃላፊው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ሁሉንም እኩል እናክብር ብለን ነው።»

«እኩል ማክበርና አንድ ሰው ማድረግ ለየቅል ናቸው፣ ልጄ።»

«ልክ ነዎት። ግን እኮ ሲሞቱ የምንሞላው ብዙ ነው። የክርስትና ስማቸውን እንኳ ያገኘነው በስንት…» ብሎ አቋረጠ።

«በስንት ምን?»

ወረቀቱን ገለበጠ፣ አስተካከለ፣ እንደገና ገለበጠ። «ፋይላቸው ላይ አልነበረም። ቄሱ ሲጠይቁን ባዶ እንዳይሆን ወለተ ማርያም አልን። አብዛኞቹ እናቶች ወለተ ማርያም ናቸው እኮ፣ አባቴ።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥሁ። ቤተ ክርስቲያን ሟችን የምትጠራው ገበያ በሚጠራበት ስም አይደለም፤ በጥምቀት በተቀበለው ስም ነው። ያ ሁሉ ፍትሐት፣ ያ ሁሉ ዕጣን፣ ያ እኔ ራሴ በመቋሚያዬ ተደግፌ የተቀበልሁት ዜማ፣ ለሌላ ሴት የተደረገ ሆነ። እግዚአብሔር የራሱን አይስትም፤ ይህን ከማንም የበለጠ አስተምሬያለሁ። የእርሱ ምሕረት የእኛን ስንፍና ይሸፍናል ማለት ግን ስንፍናችን ጽድቅ ነው ማለት አይደለም። ይህንኑ በትልቅ ድምፅ ተናገርሁት፤ ግዕዝም ሳልጨምርበት አልቀረሁም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ቀስ ብሎ፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ «መሪጌታ፣ ስድስት ዓመት አንድ ማዕድ ላይ ነበራችሁ። እርስዎስ ያውቁት ነበር?» አለኝ።

አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ እስከ አርባው ቀን የነበረው ጊዜ እሾህ ላይ እንደ መቀመጥ ሆነብኝ። በአርባው ፍትሐቱ ይደገማል፤ ያን ጊዜም በባዕድ ስም ከተጠሩ ጥፋቱ የቢሮው ሳይሆን የእኔ ነው፣ ምክንያቱም አሁን አውቄዋለሁ። የቤቱን ሴቶች ሁሉ ጠየቅሁ። ሣጥናቸው በሴቶቹ ፊት ተከፈተ፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ቁራጭ ሳሙና ብቻ ነበር። በመጨረሻ በሚኒባስ ተሳፍሬ ቴፒ ወረድሁ። ከእርሳቸው ጋር ቡና ይመርጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት አገኘሁ፤ አብረው የኖሩበትን ዘመን ሁሉ ሲያጫውቱኝ ዋሉ። የክርስትና ስም ስላቸው ግን፣ «ብርቄ ነበር የምንላት፤ ሌላ ስም ነበራት እንዴ?» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ፤ ያጠመቋቸው ቄስ ካረፉ ቆይተዋል። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጄን፣ ወገቤን ይዤ ተመለስሁ። ለአርባው ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር።

በበረንዳው ላይ አቶ ማቴዎስ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሸኮ ሰው ናቸው፤ በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ያገለገሉ፣ በሃይማኖታቸው ጴንጤ የሆኑ። ስለ እምነት ስንከራከር ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ አንዳችን አንዳችንን አላሸነፍንም።

«መሪጌታ! ሦስት ቀን የት ጠፉ? ያለ እርስዎ ጾሙን ሁሉ ረስቼ ሥጋ በላሁ።»

«እርስዎ መቼ ጾመው ያውቁና! ቴፒ ነበርሁ።»

«ቴፒ ምን አለ?»

«የወይዘሮ ብርቄን የክርስትና ስም ፍለጋ።»

«ወለተ ሐናን?» አሉኝ።

መቋሚያዬ ከእጄ ወደቀ። አቶ ማቴዎስ ጎንበስ ብለው አነሡልኝ።

«ምን አሉ?»

«ወለተ ሐና። ትክክል ነው ያልኩት? ግዕዛችሁ ለምላሴ ይከብዳል። ባለፈው ዓመት ወባ ይዟቸው ጉሉኮስ ላይ እያሉ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እያለሁ ነገሩኝ። ‹የሚጠይቅ ከመጣ ንገረው› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «በቀብሩ ቀን እንደ ወትሮው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆሜ ነበር። ውስጥ ያላችሁት የራሳቸው ሰዎች ናችሁ፣ ታውቃላችሁ አልኩ።»

 ከዚያ ባልጠይቀው የሚሻለኝን ጠየቅሁ። «እርሳቸው ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? በየቀኑ ፊት ለፊት ነበር የምንቀመጠው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ።»

አቶ ማቴዎስ አገጫቸውን አሻሹ። «እውነቱን ልንገርዎት?»

«ይንገሩኝ።»

«እኔም ያንኑ ጠየቅኳቸው። ‹መሪጌታ ሲጀምሩ አያበቁም፤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ቀዳዳ አጣሁ› አሉኝ።»

ከዚያች ሰዓት በፊት ቁጣዬ ሁሉ ወደ ቢሮው ነበር። ቅጹን፣ ወረቀቱን፣ ያን «አብዛኞቹ እናቶች» የሚል ቃል እስከ ዛሬም ይቅር አላልሁትም፣ አልልምም። ነገር ግን በዚያ በረንዳ ላይ ራሴን እንደ ባዕድ ሰው አየሁት፤ ምግብ ሲቀርብ ስለ ምግብ ምሥጢር፣ ዝናብ ሲዘንብ ስለ ዝናብ ምሥጢር ሲያስተምር፣ ፊት ለፊቱ አንዲት አሮጊት አፏን ከፍታ መልሳ ስትዘጋ። የእኔስ ትምህርት ከዚያ ወረቀት በምን ተሻለ? ለሁሉም አንድ ነበር። ስሙም ሐና ሆኖ ሳለ፣ መካንነቷን በዕንባ የተናገረችው ሴት ስም ሆኖ ሳለ፣ ስለዚህ ስም ቀን ሙሉ የምሰብክ እኔ፣ በተሸከመችው ሴት ፊት ስድስት ዓመት ተቀምጬ አላወቅሁትም።

በአርባው ቀን ጠዋት ካህኑ «ለነፍሰ አመትከ ወለተ ሐና»፣ ለባሪያህ ለወለተ ሐና ነፍስ፣ ሲሉ እኔ ስሙን አዳመጥሁ፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። ከጸሎቱ በኋላ በመኖሪያው አዳራሽ ስለ ሦስቱም መታሰቢያ ተሰበሰብን። ኃላፊው ያንኑ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ልጆች የሚለውን ሰርዞታል። «መሪጌታ፣ እርስዎ ያንብቡልን» አለኝ። ተቀብዬ አጠፍሁትና ኪሴ ከተትሁት። «ያየነውን እንናገር። በዓይን ያየነውን ብቻ» አልሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሌላ ሳልጨምር ተቀመጥሁ።

 ከዚያ ምግብ አብሳይዋ፣ «ወይዘሮ ብርቄ በየጠዋቱ ወጥ ቤት መጥተው ምስሩን እንደ ቡና ይለቅሙብኝ ነበር። እጄን እንኳ መትተውኛል» አለች። ሰው ሳቀ። ኃላፊው ከበሩ ዘንድ እጁን አወጣ። «እኔም አይቻለሁ» አለ። «የለቀሙትን ጠጠር ሰብስበው በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡት ነበር። አንድ ቀን ‹ምን ላድርገው፣ እማዬ?› ብላቸው ‹ለሚገዛልን ሰው መልሰህ አብላው› አሉኝ።» ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ እርሱም ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለ አቶ ወንድሙና ስለ አቶ ጸጋዬም ተነገረ። የገበጣው እጅጌ ነገር ብቻ ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ሰዉ ሲበተን አቶ ማቴዎስ ክንዴን ይዘው ወደ በረንዳው ወሰዱኝ። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ከጣራው ክዳን ላይ የቀረው ይንጠባጠባል።  እኔም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባልለመድሁት ሁኔታ፣ እርሳቸው እስኪጀምሩ ጠበቅሁ።

«መሪጌታ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «የእርስዎስ የክርስትና ስም ማነው?»

በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ባለቤቴ ታውቀው ነበር።

ነገርኋቸው። አቶ ማቴዎስ ስሙን በሸኮ ምላሳቸው ሞከሩት፣ ተሰናከሉበትና አንገታቸውን ነቅንቀው እንደገና ሞከሩት። እኔም ሳልቆጣና ምሥጢሩን ልፍታ ሳልል፣ እየሰማሁ፣ እስኪያቃኑት ድረስ አብሬአቸው ተቀመጥሁ።